ወደ ዳገቱ የሮጠው ሰው

«ኧረ ተሳስተሻል! እዛ ጋ ቀይ ነው የሚሰካው!»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ...

የጠዋቱ ትምህርት የሰው ጂኦግራፊ ነበር።

ወጣቱ መምህር በእጁ የሳለውን የሰፈሩን ካርታ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ለተማሪዎቹ ባለቀለም ስፒል አደላቸው። ደስ የሚላችሁ ቦታ ላይ አረንጓዴ፣ የምትፈሩት ቦታ ላይ ቀይ ስኩ አላቸው።

ድልድዩ ሥር ቀይ በቀይ ሆነ።

የመጀመሪያውን ቀይ የሰካው ራሱ መምህሩ ነበር...

ከኋላ የምትቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ግን ተነስታ ከቀዮቹ መሃል አንዲት አረንጓዴ ሰካች።

«ዘመድ አላት መሰለኝ!» አለ የክፍሉ ቀልደኛ። «ስልኬን ከወሰዱት ልጆች ጋር አስታርቂኛ በናትሽ!»

«አባቴ እዛ ጎማ ይጠግናል» አለች። ሄዳ ተቀመጠች።

ድሮ ቢሆን መምህሩ ቀልደኛውን ይቆጣው ነበር። ትንሿ ልጁ ከሞተችበት ወዲህ ግን ብዙ ነገር በዝምታ ያልፋል።

ከሰዓት በኋላ የወንጀል ጥናት ሆነ።

መምህሩ የማን ታሪክ እንደሆነ ሳይናገር ጀመረ።

«አንዲትን ሕፃን አስፋልት ዳር መኪና ገጭቷት አመለጠ። ከድልድዩ ሥር አንድ ሰውዬ ወጣና አፈፍ አድርጓት ሮጠ። ጆሮዋ ላይ የወርቅ ጉትቻ ነበር። ሰው ተረባርቦ ያዘው። እሱን ሲደበድቡ... ልጅቷ በሰው እጅ ላይ አለፈች። ወንጀለኛው ማነው?»

«ሾፌሩ!»

«ሌባውም ነዋ!»

«ሌባውማ ይብሳል! ለምትሞት ሕፃን እንኳን አይራራም?»

ጎረቤቶቹም ለመምህሩ የነገሩት እንደዚሁ ነው። ያን ቀን እሱ እዚሁ ክፍል ውስጥ እያስተማረ ነበር። ዓመቱን ሙሉ መልኩን የማያውቀውን ሰውዬ ሲረግም ከረመ።

ከኋላ የዝምተኛዋ ልጅ እጅ ተነሳ...

«ቲቸር... ጉትቻውን ወሰደው?»



ልጁን የተረከበው ከነጉትቻዋ ነበር።

«አልወሰደም» አለ ቀስ ብሎ።

ዝምተኛዋ ልጅ ወደ ካርታው ሄደች። ጣቷን አስፋልቱ ላይ አሳረፈች።

«ሌባ ቢሆን ወደ ታች ነበር የሚሮጠው። መሹለኪያው ሁሉ ድልድዩ ሥር ነው። እሱን ግን የያዙት እዚህ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ነው። ከዳገቱ በላይ ደግሞ...»

ጣቷ ቆመ።

ሐኪም ቤቱ ላይ።



ካርታውን የሳለው መምህሩ ራሱ ነው። ወንጀል የሚያስተምረው እሱ ነው። ሰውዬው ወዴት እየሮጠ ነበር ብሎ ግን አንድም ቀን አልጠየቀም...

«አንቺ... ይሄን በምን አወቅሽ?»

«አባቴ ነዋ፣ ቲቸር። ከዚያ ቀን ወዲህ በአንድ ጆሮው አይሰማም።»

ደወል ሲደወል መምህሩ ቦርሳውን እንኳን አላነሳም። ቀጥ ብሎ ድልድዩ ሥር ወረደ።

ጎማ ጠጋኙ ቀና አለ። መምህሩ ማን እንደሆነ ሲነግረው እጁን በጨርቅ ጠረገ... ደግሞ ጠረገ... ግሪሱ አልለቅ አለው።

«ጋሼ...» አለ መምህሩ።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አለ ሰውዬው። «አላደረስኳትም።»

መምህሩ ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር የመጣው። ይባስ ብሎ ይቅርታ ተጠየቀ...

«ደረቴ ላይ እንዳለች ‹አባዬ› አለች። አንተን መጥራቷ ነው። ምን ልበላት? ‹አለሁ፣ መጥቻለሁ› አልኳት። በአንተ ስም ዋሸኋት ልጄ...»

መምህሩ ዘይት የጠጣው መሬት ላይ ተንበርክኮ እግሩን ያዘ። በቀብሯ ዕለት እምቢ ያለው እንባ እዛ ወጣለት።

በማግስቱ ተማሪዎቹ ሲገቡ ድልድዩ ሥር ሁለት አረንጓዴ ተሰክቷል።

ወገኖቼ... ሰውን ከየት እንደወጣ አይተን ስንፈርድበት ወዴት እየሄደ እንደሆነ መጠየቅ እንረሳለን። ያን ቀን ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ «ወዴት ነው?» ቢለው ኖሮ... ምናልባት ዛሬ አንዲት ልጅ አባቷን ራሱን «አባዬ» ትለው ነበር።

እናንተስ... በሰፈሩ ወይ በልብሱ ብቻ የፈረዳችሁበት፣ ዛሬ ብታገኙት ይቅርታ የምትጠይቁት ሰው አለ? ከታች ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።