የአምስት ሜትር መንገድ

«ይሂዱ፣ ፕሮፌሰር» ትላለች የልብ ሐኪሟ፤ አውራ ጣቷም የሰከንድ መቁጠሪያውን ይጫናል።

ሽማግሌው ወለሉ ላይ ከተለጠፈው ቀይ መስመር ይነሣል። ሁለተኛው መስመር አምስት ሜትር ርቆ ከግድግዳው ሥር ተለጥፏል። የልብ ቫልቩ የጠበበበት በሽተኛ ሁሉ ይህችን መንገድ በተለመደ እርምጃው ይሄዳታል፤ ከስድስት ሰከንድ በላይ ከፈጀበት «ደካማ» ተብሎ ይመዘገባል። ሥርዓቱን ወደዚህ ሆስፒታል ያመጣው ሽማግሌው ራሱ ነው፤ የልብ ቀዶ ሕክምና ክፍሉን ሠላሳ ዓመት መርቷል።

ሦስት። አራት። ትንፋሹ ያፏጫል። አምስት ላይ ቆም ብሎ ወደ መስኮቱ ይመለከታል፤ የሚያየው ነገር ግን የለም፤ ማረፉን ለመደበቅ ነው።

«አይዞዎት ጋሼ፣ አውቶቡሱ ጥሎዎት አይሄድም» ትላለች በሩ አጠገብ የቆመችው ነርስ።

«እኔ አውቶቡስ ጠብቄ አላውቅም! ሥራሽን ሥሪ።»

ዘጠኝ ሰከንድ ከግማሽ። ነርሷ ሣቋን እንደ ዋጠች የደም ግፊት መለኪያውን ይዛ ትወጣለች። ሽማግሌው መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ጀርባውን እንደ ሰጠ ይቀራል።

«አምስት ብለሽ ጻፊ» ይላል።

«ምን አሉኝ?»

«ሰምተሻል። ዘጠኝ ብለሽ ከጻፍሽ የሐኪሞቹ ቦርድ ለካቴተር ይሰጠኛል። እኔ ደረቴ እንዲከፈት ነው የምፈልገው። ልብ የውሃ ቧንቧ አይደለም ስል ኖሬ፣ በስተርጅናዬ በብሽሽቴ ሽቦ ሊገባብኝ? ያስተማርኋቸው ሁሉ መሣቂያ ያደርጉኛል።»

ሐኪሟ ሁለቱንም መንገዶች የማስረዳት ግዴታ አለባት፤ ድምፅዋን ሳትለውጥ ታስረዳለች። «እንደ እርስዎ ከፍ ያለ አደጋ ባለባቸው በሽተኞች ሁለቱም መንገዶች የሚያተርፉት ሰው ቁጥር ይቀራረባል። ቀዶ ሕክምናው ብዙ ደም ያፈስሳል፤ ማገገሚያውም ረጅም ነው። አዲሱን ቫልቭ በብሽሽት አድርሶ የሚተክለው ቀጭን ቱቦ፣ ካቴተሩ፣ የደም ሥርን ሊጎዳ፣ በቫልቩ ዳር ዳር ደም ሊያሾልክ ይችላል፤ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያም ሊያስፈልግ ይችላል። የእርስዎን ጉዳይ የሚወስነው ግን ኩላሊትዎና ጉልበትዎ ነው። ደረትዎ ከተከፈተ ከአልጋ መነሣትዎን እጠራጠራለሁ።»

«ለቀባሪው አረዱት አሉ! አምስት ብለሽ ጻፊ ነው የምልሽ።»

ብዕሯ ከወረቀቱ በላይ ይቆማል። አንዲት አኃዝ ብቻ ናት። የሚጠይቃት የለም፤ የለመናት ባለጉዳዩ ራሱ ነው። ቢላው የቀረውን ይፈጽመዋል፤ የእርሷም እጅ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት እናቷ በእነዚሁ መስመሮች መካከል ሄዳለች። ካቴተሩ ያን ጊዜ በሌሎች ሆስፒታሎች ተጀምሮ ነበር፤ እዚህ እንዳይገባ ያገደው፣ ባለሙያዎቹንም «ቧንቧ ሠራተኞች» ብሎ የሰየማቸው ይኸው ሰው ነው። እርሱ ጡረታ እስኪወጣም አልገባ። እናቷን ለቢላ ደካማ ናት አላት፤ በእጁ የሞቱት ቁጥር ከፍ እንዳይልበት። «ቤቷ ሄዳ ትረፍ» ብሎ ፈረመ። በሦስተኛው ወር ሞተች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይህ ሰው ግን የበደላት ባለመውጋቱ ስለ ሆነ፣ የሚረሳው ነገር እንኳ አልነበረውም።

«አንዲት ሴት እዚህ ሄዳ ነበር፤ ስምንት ሰከንድ ፈጀባት» ትላለች።

«ስንቷ ሴት ሄዳለች።»

«እናቴ ነበረች። እርስዎ ነዎት ወደ ቤት የሰደዷት።»

ሽማግሌው ቀስ ብሎ ይዞራል። ፊቷን ይመረምራል፤ አያስታውስም፤ እንደማያስታውስም ታያለች። ዳሩ ግን በእጇ ምን እንዳስቀመጠላት ገብቶታል።

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ?» ይላል። «ጻፊዋ! አንቺም ቂምሽን ትወጫለሽ፤ እኔም እንደ ወግ በቢላ እሞታለሁ።»

ትጽፋለች። የጻፈችውንም ጮክ ብላ ታነባለች፦ «ዘጠኝ ከግማሽ። ለቀዶ ሕክምና ደካማ።»

«አንቺ ልጅ!»

«ቦርዱ ለካቴተር ይሰጥዎታል፤ የማስገባውም እኔ ነኝ። ከተሳካልን በጥቂት ቀን ውስጥ ቤትዎ ይገባሉ። ይኖራሉ፣ ፕሮፌሰር። ልብዎ በመታ ቁጥር ግን ቧንቧ ሠራተኛዋን ያስቧታል።»

«ብትገድዪኝ ይሻል ነበር።»

«ለእርስዎ፣ አዎ።»

ከግድግዳው ለቆ ሊራመድ ይሞክራል፤ ተመልሶ ይደገፋል። ወንበሩ ከወዲያኛው መስመር ማዶ ነው። ወንበሩን ያያል፤ እርሷን ያያል። አትንቀሳቀስም።

«ክንድሽን» ይላል በመጨረሻ፤ ጥቂት ቆይቶም፦ «እባክሽ።»

ያን ጊዜ ትጠጋዋለች። ለዐሥራ አንድ ዓመት ሌት ተቀን የተሸከመችውን ሰው ክብደት ታውቀዋለችና፣ እግሯን ለይታ ወገቧን ታጸናለች። ክንዷ ላይ ያረፈው ግን የባዶ ካፖርት ያህል እንኳ አይከብድም።