በሁለት ልክ መካከል

ቅዳሜ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ብስክሌት መሸጫው ሱቅ ውስጥ፣ አባቷ በትልቁ የተራራ ብስክሌት ግራና ቀኝ እግሮቹን አንፈራጥጦ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ደረቱን ነፍቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ቁመትዎ በመካከለኛውና በትልቁ መሃል ነው» አለ ሻጩ። «ለቁልቁለት ግን መካከለኛው ይታዘዝልዎታል። ድንገት ሲቆሙ እግርዎ መሬት ካልደረሰ መውደቅ አለ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ የነዳሁት ትልቁን ነው» አለ አባቷ። «መካከለኛውን ለዚች ድንክዬ ስጣት።»

ልጁ እየሳቀች ከጎኑ ተንበረከከች። በእሱና በአግዳሚው ብረት መካከል ያለው ክፍተት በቂ መሰላት፤ ነገ አብረው የሚወርዱትን ጠመዝማዛ መንገድ እያሰበች «ይሁንልህ» ልትለው ስትል፣ ዓይኗ ወለሉ ላይ አረፈ። ሁለቱም ተረከዞቹ ከመሬት ተነስተው ባቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። በልጅነቷ በበሩ መቃን ላይ ቁመቷን ሲለካት እሷም እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ እሱም መዳፉን አናቷ ላይ ጫን አድርጎ «ማጭበርበር የለም!» እያለ ይስቅባት ነበር።

እጇን ጫማው ላይ በቀስታ አሳረፈች።

«አባዬ፣ ተረከዝህን አውርድልኝ» አለችው፣ ሻጩ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አባቷ ተረከዞቹን እንዳነሳ መሪውን አጥብቆ ጨብጦ፣ በሱቁ የመስኮት መስታወት በኩል ከሩቅ የሚታየውን ተራራ መመልከቱን ቀጠለ።