ሁለት ሜትር

የመኖሪያ መንደሩ ኮሚቴ የላከው ደብዳቤ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ በደንቡ ክልክል ስለሆነ በሰባት ቀን ውስጥ ይፍረስ ይል ነበር። ሙዘሚል ጓሮው ውስጥ ያችን ባለ ቆርቆሮ ዳስ የሠራት ኮሮና መስጊዱን ሲያዘጋው ነው። በስደት ሮዘተንቪል ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተው ከኖሩበት ጊዜ ጀምሮ ከማይለየው ጎረቤቱ ጋር ይሰግድባታል፤ ከሁለቱ በቀር የረገጣት ሰው የለም።

ጎረቤቱ ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ። «አብሽር ወንድሜ! እነዚህ ከፊት ያሉት ነጮች ናቸው የጠቆሙብህ። አላህ የእጃቸውን ይስጣቸው!»

«አሚን» አለ ሙዘሚል፤ ብሎም ለማስረጃ የተያያዘውን ፎቶ ገለጥ አደረገ። ፎቶው እዚያው ዳሷ ውስጥ፣ ከጀርባው የተነሳ ነበር። እሱ ሱጁድ ላይ ነው፤ ግንባሩ መሬት ነክቷል። ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ የተነጠፈው የጎረቤቱ መስገጃ ግን ባዶ ነበር።