የመክፈቻው ተራ

መክፈቻው ዘሎት ያልፋል።

ከኤሌክትሪሺያኑ እጅ ወደ ፀጉር አስተካካዩ የሄደው በሱ ደረት ፊት ለፊት ነው፤ እሱ ዘንድ ግን አላረፈም። በዚህ ጠረጴዛ የጠርሙስ መክፈቻውን የያዘ ያወራል፣ ሌላው ይሰማል። ሕጉን ያወጣው እሱ ራሱ ነው፤ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ እያለ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጡሩምባው ሲለው። ሕጉን ያውጣ እንጂ መክፈቻውን ለሰው አይለቅም ነበር። «አንተ እጅ የገባ መክፈቻ በፍርድ ቤት ካልሆነ አይወጣም» ይሉት ነበር።

ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ ወደ መጠጥ ቤቱ ሲመጣ ዛሬ ገና ነው። ድምፁ ሆስፒታል ቀርቷል። ሴት ልጁ የገዛችለት፣ የደብተር ግማሽ የምታህል ነጭ ሰሌዳ በክር ታስራ አንገቱ ላይ ተንጠልጥላለች።

ሲገባ ሁለቱም ተነስተው አቅፈውታል። ፀጉር አስተካካዩ ሰሌዳዋን ሳብ አድርጎ «እንዴት ነህ ወንድሜ?» ብሎ ጻፈለት። እሱም ከሥሩ «ጆሮዬ ደህና ነው» ሲል መለሰ። ሳቁ። ቀልዱ ከሚገባው በላይ ሳቁ።

አሁን ቀና ብሎ ከራሱ በላይ ያለውን ግድግዳ ያያል። «መጮህ ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ የለም። የቤቱ ባለቤት እትዬ በገዛ እጃቸው ጽፈው የለጠፉት በሱ ምክንያት ነበር፤ እሱም ሁልጊዜ ከሥሩ ተቀምጦ ነበር የሚጮኸው። ቦታው ላይ ከሌላው ግድግዳ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቷል። ድራፍቱን ይዘውለት ሲመጡ በጣቱ ያሳያቸዋል።

«ለማን ብዬ ልተወው?» ይላሉ እትዬ።

ያሉትን የሰሙት ካሉት በኋላ ነው። ደረቁን ጠረጴዛ መወልወል ይጀምራሉ፤ ወልውለው ወልውለው፣ ሌላ ሰው የጠራቸው ይመስል ወደ ባንኮኒው ይመለሳሉ።

እሱ ማርከሩን ይከፍታል። የዶሮውን ታሪክ ሊነግራቸው ነው። ለዶሮው ላለመክፈል ኮቱ ውስጥ ደብቆ ስለተሳፈረው ሰውዬ። ስንት ጊዜ ነግሯቸዋል፤ ስንት ጊዜ በሳቅ አስለቅሷቸዋል። ይጽፋል፣ ሰሌዳዋ ትሞላለች፣ በእጅጌው ጠርጎ እንደገና ይጽፋል። ፀጉር አስተካካዩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለታል፤ እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ፣ ነጥብ በነጥብ። ሰሌዳዋ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠረግ ኤሌክትሪሺያኑ ስልኩን ያያል። እሱም ስልኩን ሲያይ አይቶታል።

ኤሌክትሪሺያኑ ያፍራል። ደግ ሰው ነው። እጁን የሰሌዳዋ ጫፍ ላይ ያሳርፋል።

«አትድከም። እኔ ልጨርስልህ።»

መክፈቻውን ከፀጉር አስተካካዩ ተቀብሎ ይነሳል፣ ደረቱን ነፋ ያደርጋል።

«ያልቆረጠ አለ? ያልቆረጠ!»

ድምፁ የኤሌክትሪሺያኑ አይደለም። የሱ ነው። መጨረሻ ላይ ሻከር የምትለዋ እንኳን አልቀረችም። የጎረቤት ጠረጴዛዎች ዞረዋል፣ ከአሁኑ ፈገግ ብለዋል፤ የቱ ጋ እንደሚስቁ ያውቁታል። ያኔ ይገባዋል። እሱ አልጋ ላይ በነበረበት ጊዜ ሁሉ ታሪኩ እዚህ ሲወራ ከርሟል። እሱ በሌለበት፣ በሱ ድምፅ።

እሱ ሲያወራው እዚህ ቦታ ላይ ዝም ይል ነበር። ብርጭቆውን አንስቶ፣ ፉት ብሎ፣ ከንፈሩን ጠርጎ፣ ቤቱን በሙሉ አንጠልጥሎ ሲያበቃ ነው ዶሮው ኮቱ ውስጥ ሆኖ የሚጮኸው። ከዚያ ነው ለተሳፋሪዎቹ፣ «እሱ እንኳን ሲጠሩት አቤት ይላል» የሚላቸው። ኤሌክትሪሺያኑ ግን አይጠብቅም። እንደ ዶሮው ሊጮኽ አየር ስቧል።

እሱ እጁን ይዘረጋና መክፈቻውን ይነጥቀዋል።

ሕግ ሕግ ነው። የኤሌክትሪሺያኑ አፍ እንደተከፈተ ይቀራል። ፀጉር አስተካካዩ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል። የጎረቤቶቹ ፈገግታ ፊታቸው ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ እትዬ ባንኮኒው ጋ የድራፍቱን ቧንቧ ይዘጋሉ።

ብርጭቆውን ያነሳል። ፉት ይላል። ከንፈሩን ይጠርጋል።

ሁሉም አፍ አፉን እያዩ ነው። መክፈቻውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከነጣው ግድግዳ ሥር ተቀምጦ፣ እሱም አብሯቸው ዶሮውን ይጠብቃል።