ዛሬን ብቻ የሚያሳየው ሰንጠረዥ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የገበሬዎች ማኅበር ቢሮ አለ። ማኅበሩ ያለው አንድ የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ሁሉም ይፈልገዋል፤ ስለዚህ ተራ አለ። ተራውን በኮምፒውተር የምትይዘው ሥርጉት ናት።

ሥርጉት ትምህርቷን ከዘጠነኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ልጅ ወልዳ ሥራ የገባች ሰሞን፣ የዕለቱን ተረኛ ለማግኘት የኤክሴሉን ሰንጠረዥ ከላይ እስከ ታች ስትጎትት ዓይኗ ይፈዝ ነበር። ያዘነችላት ሀኒ ናት። ሀኒ ቡሬ ተምራ ዲፕሎማ የያዘች የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። አንድ ቀን ከጎኗ ቁጭ ብላ ማክሮ የሚባል ነገር ጻፈችላት።

«እስቲ አሁን ክፈቺው።»

ፋይሉ ሲከፈት በራሱ ሮጦ የዕለቱ ረድፍ ላይ ቆመ። ረድፉ ቢጫ ሆነ።

«እኔ ታኅሣሥ ብዬ የጻፍሁትን ምኑን አውቆ?»

«የፈረንጁን ቀን ከጎኑ ደብቄለታለሁ። እሱ በዚያ ይሄዳል፣ አንቺ በእኛው ታነቢያለሽ።»

«እግዜር ይስጥሽ፣ እኅቴ።»

ከዚያ ወዲህ ከቢጫው በላይም በታችም የሚያይ ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ያረጋል ማለዳ ይከፍተዋል፣ የመጣለትን ስም ያነባል፣ ማሽኑን ይልካል። ሥርጉት የምትገባው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው።

ቀትር ላይ ባሏ እንድሪያስ ልጁን እንድታጠባው ያመጣላታል። እሷ ከመጋረጃው ኋላ ትገባለች፤ እሱ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ከሀኒ ጋር ይቀላለዳል።

«ይኼ ኮምፒውተርሽ ልጅ ማጥባት አይችልም?»

«እሱን እንኳ አንተ ብትለምድ ይሻላል» ትለዋለች ሀኒ።

የተራ ምዝገባው ካለቀ በኋላ ንብረት ወደ ሥርጉት ቤት መጣ። ንብረት የልጃቸው ክርስትና አባት ነው። ሀኒም የተከራየችው እሱ ግቢ ነው።

«በቆሎዬ ሜዳ ላይ ቀረ» አለ። «አበልጅ ለመቼ ነው?»

«አያ ንብረት፣ ምዝገባው አልቋል። እናቴም እንኳ ተራዋን ጠብቃ ነው።»

«ኮምፒውተሩ ያንቺ አይደል?»

«የማኅበሩ ነው።»

ንብረት ጠላውን ጨርሶ ተነሣ። እንድሪያስ እስከ መንገዱ ሸኘው።

የሥርጉት እናት እማማ አደይ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የዓመት ቀለባቸው አንድ ክምር በቆሎ ነው። ተራቸው ዓርብ ነበር። ስማቸውን የጻፈችው ራሷ ሥርጉት ናት።

ሐሙስ ቀትር ሥርጉት አጥብታ ስትመለስ ሰንጠረዡ ከቢጫው ረድፍ ርቆ ወርዶ አገኘችው። ሀኒ ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ የማተሚያውን ገመድ ትነካካለች። እንድሪያስ ልጁን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። ሥርጉት ፋይሉን ዘግታ መልሳ ከፈተችው። ሮጦ ዛሬ ላይ ቆመ። ረሳችው።

ዓርብ ቢሮ ስትደርስ ማሽኑ ሄዷል።

«እናቴ ማሳ ደረሰ?»

«ንብረት ማሳ ነው የሄደ» አለ ያረጋል።

«ዛሬ እኮ የእናቴ ነው።»

«እኔ ምን አውቄ? ቢጫው ያለኝን ነው የላክሁት።»

ከፈተችው። ቢጫው ላይ የንብረት ስም አለ። የእናቷ የለም። ወደ ታች ወርዳ ልትፈልግ እጇን ስትዘረጋ መብራት ጠፋ። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል ተባለ።

ማሽኑ አንድ ማሳ ከገባ ሳይጨርስ አይወጣም፤ ደንቡ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ያለ ወሩ ዝናብ ወረደ። እማማ አደይ ክምሩን ላስቲክ አለበሱት፤ ውሃው ግን ከሥር ገባ። ሥርጉት ስትደርስ ጭቃ ላይ ቆመው ነበር።

«አንቺ እያለሽ ነው ልጄ?» አሏት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ጠሩ። በአውጫጭኝ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይምላል፣ የጠረጠረውን ይናገራል፤ በዳዩ ሳይታወቅ የሚነሣ የለም። እንድሪያስ «ልጁ አተኩሶታል፣ እኔ ልያዘው፣ አንቺ ሂጂ» ብሎ ቤት ቀረ።

«የአደይ ስም የት ገባ?» ሲሉ ሽማግሌው አቶ ባንተአምላክ ጠየቁ።

«አላየሁም፣ አባቴ። ማንም አላየው። መብራት ሲመጣ ነው» አለች ሥርጉት።

ያረጋል ማለ። ንብረት «ተራህ ደርሷል ተብዬ ተጠራሁ፣ ማሽኑን ተቀበልሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁ» አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ።

«ኮምፒውተሩን እንዳሻት የምታሮጠው ማን ናት?» አለ አንዱ ከኋላ።

«የምታድረውስ በማን ግቢ ነው?» አለች ሌላዋ።

ሀኒ ወደ ሥርጉት ዞረች። «አንቺ ንገሪያቸው እንጂ። አንቺ ታውቂኛለሽ።»

ሥርጉት እናቷን አየች። እማማ አደይ መሬት መሬት ያያሉ።

«ሐሙስ ቀትር ከጠረጴዛዬ ሥር ነበረች» አለች ሥርጉት።

ሀኒ የቢሮውን ቁልፍ ከሽማግሌዎቹ ፊት አኑራ ሄደች። በዚያው ቀን ዕቃዋን ጭና ወደ ቡሬ ስትሳፈር አንድም ሰው አልሸኛትም።

ሥርጉት ቤት ስትገባ ልጁ ከአባቱ ጉልበት ላይ ይፈነድቃል።

«ትኩሳቱስ?»

«ለቀቀው። ምን ተባለ?»

ሁሉንም ነገረችው። ስትጨርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች።

«እኅቴ ብዬ ነበር እኮ። ጉሮሮዬ ላይ የቆመው በቆሎው አይደለም፣ እሷ ናት።»

እንድሪያስ ልጁን አውርዶ አጠገቧ ተቀመጠ። ትከሻዋን ዳበሳት።

«ተይ እንግዲህ፣ አይዞሽ። የተረፈውን እያሰጣን እናቆየዋለን፤ እናትሽ እንደሁ ለጥር ሥላሴ ማግስት ተጽፈዋል።»

ሥርጉት ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች፤ መብራት ገና አልመጣም፣ ሰንጠረዡንም የከፈተ የለም።