ከሐይቁ ማዶ የሚታየው ጭስ

ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ይዟል፤ ግን ገና ሰው አይሸከምም። ጀልባም አያሳልፍም። ደሴት ላይ ለሚኖር ሰው ከገና በፊት ያሉት ሳምንታት እንዲህ ናቸው፤ በረዶው እስኪጠነክር እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው።

አርቪ ግን መቀመጥ አልሆነለትም። በየጠዋቱ ከእንጨት ጎጆው ይወጣና ጫፉ ብረት በሆነ ዘንግ የዳሩን በረዶ ይወጋል። ዘንጉ ዘልቆ ይገባል፤ ውሃ ፊን ይላል። አርቪ ይራገምና ቀና ብሎ ወደ ማዶ ያያል። እዚያ፣ ከጥዶቹ መካከል፣ የታላቅ ወንድሙ የኤንሲዮ ቤት ይጨሳል።

«ተነሥቷል?» ትላለች ሚስቱ ሂልማ ከደጃፍ።

«ተነሥቷል።»

«እንግዲያ ግባ። ገንፎው ቀዘቀዘ።»

ወንድማማቾቹ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ዓመታት አልፈዋል። ያጣላቸው የመረብ መጣያ ቦታ ነው፤ ሁለት ሽማግሌ ሊጣላበት የማይገባ ትንሽ ነገር። አርቪ በዚያ ቀን ደሙ ፈልቶ፣ «ቀብርህ ላይ እንኳ አልቆምም!» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኤንሲዮ ጀልባውን አዞረ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

የአባታቸውን ሕግ ግን ሁለቱም አላፈረሱም። ጠዋት ከአንዱ ቤት ጭስ ካልታየ ሌላው ሊያየው ይሄዳል፤ ውሃም ይሁን በረዶ። አንድ ዓመት፣ ልክ በዚህ ወቅት፣ ኤንሲዮን እንቅልፍ ጥሎት እሳቱ ዘገየ። አርቪ በስሱ በረዶ ላይ በደረቱ እየተሳበ ሄደና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሰመጠ። ኤንሲዮ በረጅም እንጨት ጎትቶ አወጣው፤ ደረቅ ልብስ አለበሰው፤ ትኩስ ሾርባ አጠጣው። በረዶው እስኪጠነክር አንድ ቤት ውስጥ ሰነበቱ። ያን ጊዜም አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። እልኽ ማለት ይኸ ነው።

ዘንድሮ ግን አርቪን ኩርፊያው ሰለቸው። በመከር የያዘው ሳል አልለቀቀውም፤ ልቡም ለሰለሰ። ኤንሲዮ የሚወደውን ነጭ ዓሣ ለገና ይዞለት ሊሄድ በጨው አሽቶ ከድኖ አስቀምጧል። ሳውና ውስጥ፣ በእንፋሎት መታጠቢያዋ ጎጆ፣ ብቻውን ተቀምጦ «ይቅር በለኝ» እያለ ሲለማመድ ሂልማ ሰምታ ሳቀችበት።

«ምድጃውን ነው የበደልከው? ጮክ በል እንጂ! እሱ እንደሆነ ጆሮው ከደነቆረ ቆይቷል።»

አንድ ቅዳሜ ከማዶ የሙት ደወል ተሰማ። አርቪ ቆቡን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር፣ ማንም ይሁን ማን።»

«የወፍጮ ቤቱ ሽማግሌ ይሆናል» አለች ሂልማ። «ከበጋ ጀምሮ አልጋ ላይ ነው።»

አርቪ እንደ ልማዱ ወደ ማዶ አየ። የወንድሙ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ተመስገን ብሎ ቆቡን መልሶ ደፋ።

በዚያ ሰሞን ጭሱ አዲስ አመል አውጥቶ ነበር። ኤንሲዮ ዕድሜውን ሙሉ ሳይነጋ እሳት የሚያነድ ሰው ነው፤ አሁን ቤቱ የሚጨሰው ረፋድ ላይ ሆነ። መጀመሪያ የዘገየ ቀን አርቪ ገመድና ዘንግ ይዞ አንድ እግሩን በረዶው ላይ አሳርፎ ነበር፤ ጭሱ ብቅ ሲል ተመለሰ። ማታ ማታም የማዶው መስኮት መብራት የለውም። የኤንሲዮ መረብ ከውሃ ሳይወጣ ቀርቶ መረቡን የሚያንሳፍፉት ቡሾች በረዶው ውስጥ ተቀርቅረዋል።

«ምን ነካው ይኼ ሰው?» አለ አርቪ። አሮጌውን የርቀት መነጽር አወጣ።

ቀይ ሻርፕ ያሰረች ሴት እንጨት ታቅፋ ወደ ወንድሙ ቤት ስትገባ አየ። ከወንድሙ ቤት ወዲያ የምትኖረው፣ ባሏ የሞተባት ሳይማ ናት። በማግስቱም አያት። በሦስተኛው ቀንም።

ሂልማ መነጽሩን ቀማችው። «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው! በዚህ ዕድሜው አገባ?»

«ለዚህ ነዋ እስከ ረፋድ የሚተኛው! መረቡንም ያስረሳችው እሷ ናት።»

«ቀናህ እንዴ?»

«እኔ እዚህ ይቅርታ ስለማመድ እሱ እዚያ ይሞሸራል! ለወንድሙ እንኳ አይነግርም?»

«በምን ይንገርህ? በዓሣ ይላክልህ?»

አርቪ አልሳቀም። ከፋው። ወንድሙ ያለ እሱ ደስ ብሎት መኖሩ ከጠቡ ይልቅ አመመው። ዓሣውን ራሳችን እንበላዋለን አለ፤ ዘንጉንም ጥግ አስደግፎ ተወው። ጠዋት ጠዋት ጭሱን ሰረቅ አድርጎ ከማየት ግን አልቦዘነም።

በገና ዋዜማ ጠዋት ዘንጉን ያነሣችው ሂልማ ናት። ደጋግማ ወጋች፤ ብረቱ ነጠረ።

«ይሸከማል» አለች። «ሙሽራም ይሁን ምንም ይሁን ወንድምህ ነው። ተነሥ! ይቺን የሱፍ ካልሲ ለሙሽሪት ስጥልኝ።»

አርቪ ዓሣውን በትንሿ መንሸራተቻ ጭኖ እየጎተተ ሐይቁን አቋረጠ። መሐል ሲደርስ ቂሙ ለቀቀው። ኤንሲዮን በምን እንደሚያበሽቀው እያሰበ ብቻውን ፈገግ አለ። ደጃፉ ላይ ጫማውን አራግፎ አንኳኳ።

ሳይማ ከፈተች። ቤቱ ሞቋል፤ ምድጃው ይነዳል፤ አልጋው ተነጥፏል።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሙሽሪት!» አለና ካልሲውን ዘረጋላት። «የታል ያ ሰነፍ? ይቅርታ ልጠይቀው ነው የመጣሁት፤ ወኔዬ ሳይከዳኝ ጥሪልኝ።»

ሳይማ ካልሲውን አልተቀበለችም። በትከሻው ላይ አሻግራ ወደ ሐይቁ አየች፤ ዱካው ከደሴቱ እስከ ደጃፉ ተዘርግቷል።

«በረዶው ተሸከመህ?» አለችው።

«እንደ ድንጋይ ነው።»

ወንበር ሳበችለትና እስኪቀመጥ ጠበቀች።

«ኤንሲዮን ከቀበርነው ሰነበተ፤ ‹በረዶው አርቪን እስኪሸከም ጭሴ እንዳይጠፋ› ብሎ አስምሎኝ ነው እሳቱን የማነደው።»