ተራ ሰው ይሁንልኝ

«እስቲ ድገመው» አለች እህቱ፣ ከጨርቁ ላይ ቀና ሳትል። «ምሳ ላይ ያልከውን።»

እሱ የጨርቁን ጫፍ በሁለት እጁ ወጥሮ ይዟል። ሆዷ ከገፋ ወዲህ ጎንበስ ብላ መቁረጥ ስላቃታት ታናሽ ወንድሟ የስፌት ረዳት ሆኖላታል። ባሕር ማዶ ሃይማኖትና ታሪክ ሲያጠና ዓመታት አሳልፎ፣ ሲመለስ የተገኘለት ሥራ ጨርቅ መወጠር ብቻ ነበር። እሷም አትምረውም፤ «ምሁሩ፣ ቀጥ አድርገህ ያዝ እንጂ» ትለዋለች።

«የቱን?» አለ፣ የቱን እንደሆነ እያወቀ።

«ልደት ለምን በዚያ ቀን እንደሚከበር።»

ነገሩ በቀልድ ነበር የተጀመረው። አዋላጇ ቀኑን ቆጥራ «የአንቺ ልጅ ከጌታ ጋር ነው የሚመጣው፤ ልክ በልደት ዕለት» ብላ አስቃት ነበርና፣ ለመሆኑ ያን ቀን ማን መረጠው ብላ ጠየቀችው። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ወንጌሉ ቀኑን አይናገርም። አንዳንዶች የጥንት የፀሐይ በዓል ነበር፣ በእሱ ላይ ተደርቦ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፣ የለም፣ ከሞተበት ቀን ተነሥተው ቆጥረው ነው የልደቱን ቀን ያገኙት ይላሉ። የፀሐዩ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ግምት ነው እኮ» አለ አሁን፣ ድምፁን አለስልሶ። «የጥንት ሰዎች ታላላቅ ነቢያት የተፀነሱበትና የሚሞቱበት ቀን አንድ ነው ብለው ያምኑ ነበር ይባላል። ዕድሜያቸው ሳይጎድል፣ ሳይተርፍ ሙሉ እንዲሆን። ጌታ የተሰቀለው በመጋቢት ነው፤ ስለዚህ የተፀነሰውም በዚያው ቀን ነው አሉ። ዘጠኝ ወር ጨመሩበት፣ ታኅሣሥ ላይ ወደቀ። በቃ፣ ይኼው ነው።»

መቀሱ ቆመ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው የመብራት ምሰሶ ጥላ ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ይጋደማል። እህቱ ጥላ ያረፈበትን ጨርቅ አትቆርጥም፤ ጎትታ ወደ ብርሃኑ ታወጣዋለች። ለምን ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ባሏ የሞተው እዚያ ምሰሶ ላይ ነው። መስመር ዘርጊ ነበር፤ ራቅ ካለ ቦታ ወራት ከርሞ መጥቶ አንዲት ሌሊት ብቻ ቤቱ አደረ። በማለዳ፣ ሽቦ ተበጥሷል ብለው ጠሩት። የሰፈሩን ጩኸት ስትሰማ እሷ የጠጣበትን ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

«ከልደት ዘጠኝ ወር ወደኋላ ስትቆጥር የት ትደርሳለህ?» አለች።

«መጋቢት ላይ» አለ፣ የጨርቁን ጫፍ እየለቀቀ።

«ልጄ የተፀነሰው አባቱ በሞተበት ቀን ነው። ያ ቀን እንግዲህ የእሱም መሞቻ ነዋ። አባቱን ወስዶ አልጠገበም፤ ልጁንም ቆሞ ይጠብቀዋል። በየዓመቱ ይመጣል።»

«እታለም፣ እኔ እኮ አላምንበትም።»

«አንተ ደሞ የምታምነው ነገር ኖሮ ያውቃል?»

«ቢሆንም እንኳ ለነቢያት ነው የተባለው። ለታላላቆቹ። ስለ ሹፌርና ስለ ግንበኛ ማንም እንዲህ አላለም። ለተራ ሰው ማን ቁጭ ብሎ ይቆጥርለታል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «ማልልኝ።»

«በምን ልማል?»

«በምታምንበት።»

ፈለገ፣ ፈለገ፤ አንድም አላገኘም። በመጨረሻ «እናታችንን» አለ።

መሐላው በቃት። መቀሱን አስቀምጣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። «እንግዲያው ተራ ሰው ይሁንልኝ» አለች፤ ለሱ ይሁን ለሌላ ሰው የምትናገረው አልገባውም። «በትምህርቱ ደረጃው መሐል ላይ ይሁን። ቢዘፍን ዞር ብሎ የሚያየው አይኑር። ሰዎች ሁለቴ ተዋውቀውት ስሙን ይርሱት።» ሌላ እናት ብትሰማ ርግማን ይመስላት ነበር። እህቱ ግን ቃል በቃል፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ እንደ ምርቃት ነበር የምትለው።

«እንደ እኔ ይሁን አትይኝም?» አለ፣ ሊያስቃት።

«አንተማ ምን አለብህ። ተምረህ ተምረህ ማን አወቀህ? ሞት ራሱ ሰፈር ገብቶ፣ የልብስ ሰፊዋ ወንድም ቤት የቱ ነው ብሎ ጠይቆ ነው የሚያገኝህ።»

ሳቁ። እሷ ቀድማ አቆመች።

«ደግሞ የገረመኝ» አለች ዝግ ብላ፣ «ሲራገጥ ነው የሚውለው። አንተ ይኼን ነገር ስትጀምር ግን ጸጥ ይላል። ምሳ ላይም እንዲሁ ነው ያደረገው። አሁንም ይኼው።»

«ተኝቶ ይሆናላ።»

«አልተኛም። የራሴን ልጅ አላውቀውም?» እጁን ይዛ ሆዷ ላይ አኖረችው። «የኔን ድምፅ ለምዶታል፣ አይሰማኝም። አንተ ንገረው። የተማረ ሰው ቃል ይሰማል።»

ማፈር ነበረበት፤ አላፈረም። ጎንበስ ብሎ አፉን ወደ ቀሚሷ አስጠጋ። «ተራ ሰው ሁን፣ እሺ?» አለ፣ እሱ ራሱ እንኳ በማይሰማው ድምፅ።

አንዳች ነገር ከውስጥ መጥቶ መዳፉን ነካ። አልተራገጠም። ቀስ ብሎ ተደገፈው፣ በር ላይ እንደሚደገፍ ሰው።

«ምን አለ?» አለች።

«እሺ አለ» አላት፣ መዳፉን ወደ ቀኝ እያንሸራተተ። ትንሿ ነገር ከሥር ተከተለችው። ወደ ግራ መለሰው፤ ተከተለችው። ተራ ልጅ እንዲህ ያደርጋል? እጁን ሲያነሣ የቀሚሱ ጨርቅ አልወረደም፤ በመዳፉ ልክ ጉብ ብሎ ቀረ፣ የሚቀጥለውን ቃል እንደሚጠብቅ።